ከቀብድ በፊት ባለሙያ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የኪራይ ፎቅ ለሚገዙ

በንግድ ያጠራቀመውን ጥሪት ወደ ኪራይ ፎቅ ለማዛወር የሚፈልገው ባለሃብት ጥቂት አይደለም። ይሁንና አንድ ኩንታል ቡና እንኳ ናሙና ሳያይ የማይገዛ ነጋዴ ሚሊዮኖች የሚያወጣበትን ህንፃ በደላላ ቃል ብቻ ሲገዛ ይታያል። ደላላ ኮሚሽን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈፀም ነው፤ ስለዚህ «ይቅርብህ» ብሎ ይመክራል ተብሎ አይጠበቅም።

ቀዳሚው ባለሙያ ጠበቃ ነው። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ፣ የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩን ከመዝገብ ያጣራል። የተመዘገበ መያዣ ህንፃው ቢሸጥም ተከትሎ ይሄዳልና በሌላ ሰው ብድር ቤትዎ ለሐራጅ ሊቀርብ ይችላል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ህግ ለጋራ ቤት ሽያጭ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል።

ሁለተኛው መሐንዲስ ነው። ህንፃው በተፈቀደው ፕላን መሠረት መሠራቱን፣ የምሰሶዎቹን ጥንካሬ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩን፣ ሊፍት ካለውም ይዞታውን ይመረምራል። አዲስ ቀለም የግድግዳ ስንጥቅ ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም።

ሦስተኛው የሂሳብ ባለሙያ ነው። ለምሳሌ 12 ቤቶች ያሉት ፎቅ በ40 ሚሊዮን ብር ቀረበ እንበል። እያንዳንዱ በወር 20 ሺህ ብር ቢከራይ በዓመት 2 ሚሊዮን 880 ሺህ ብር፣ ማለትም የዋጋውን 7.2 በመቶ ያስገባል። ሁለቱ ቤቶች ባዶ ቢሆኑና ለጥበቃ፣ ለጥገናና ለመሳሰሉት 400 ሺህ ብር ቢወጣ ግን የሚቀረው 2 ሚሊዮን፣ ማለትም 5 በመቶ ነው። ይህም ግብር ሳይከፈል ነው።

«ከገዛሁ በኋላ ኪራይ እጨምራለሁ» የሚለውም ስሌት አስተማማኝ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ስለሆነም የሻጩን አፍ ሳይሆን የተመዘገቡትን ውሎች ይዩ።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። በፍትሐ ብሔር ህጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጥቶ ውል ያፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ጥፋቱን ይነግርዎታል እንጂ ገንዘብዎን አያስመልስም። የባለሙያው ክፍያም ለሠራው ሥራ እንጂ ለሽያጩ መፈፀም እንዳይሆን በጽሑፍ ይዋዋሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኸው ነው።