ስሙ ቀበሮ፣ ዘሩ ተኩላ

ሕዝባችን ቀይ ቀበሮ ብሎ የሚጠራው፣ በአንዳንድ ሥፍራም ዋልጌ የሚባለው የደጋ አውሬ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በሌላ ምድር አይገኝም። ካኒስ ሲሜንሲስ የተሰኘው ሳይንሳዊ ስሙም በ1830ዎቹ ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል ከጎበኛቸው ከስሜን ተራሮች የተወሰደ ነው። በዛሬው ጊዜ በሕይወት የሚገኙት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ሲኖሩ የቀሩት በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ ጓሳ ተበታትነው ይገኛሉ። በጎጃም የጮቄ ተራራ የነበሩት ግን ጨርሰው ጠፍተዋል። በዚህም ምክንያት ስለ አውሬው ዘር፣ ስለ አኗኗሩና ስለ ተደቀነበት አደጋ ሳይንስ የደረሰበትን ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ደሙ የሰጠው ምስክርነት

ቀይ ጠጉሩን፣ ቀጭን አፉንና ረዣዥም እግሮቹን የተመለከተ ሰው ከቀበሮ ወገን ቢቆጥረው አያስደንቅም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነ የዘረ መል ምርመራ አውሬው ከቀበሮዎች ይልቅ ለግራጫው ተኩላ የሚቀርብ መሆኑን አረጋገጠ። አባቶቹ ከእስያና ከአውሮፓ በኩል ወደ አገራችን ደጋ የገቡት ከ100,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው ተብሎም ለረዥም ጊዜ ሲታመን ቆየ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 በመልካ ዋከና የተገኘው የመንጋጋ አጥንት ከ1.4 እስከ 1.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው መሆኑ በመታወቁ፣ ይህ ወገን ከተገመተው ጊዜ እጅግ ቀድሞ በዚህ ምድር ይኖር እንደነበር ተረድተናል።

የመንጋው ሥርዓት

ይህ ተኩላ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይኖራል። ምግቡ ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ስለሆነ ቀን ቀን ለብቻው እየዞረ ያድናል። ይህም ማለት ግን ብቸኛ ነው ማለት አይደለም። ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስታዘቀዝቅ የመንጋው አባሎች በአንድነት ተሰልፈው የግዛታቸውን ወሰን ይጠብቃሉ፤ ሌሊቱንም በሜዳ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው ያሳልፋሉ።

በአንድ መንጋ ውስጥ የምትወልደው በአብዛኛው አንዲት የበላይ ሴት ብቻ ናት። እርሷም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት ግልገሎቿን በጉድጓድ ውስጥ ትወልዳለች። ሌሎቹ አባሎች ጉድጓዱን ከጠላት ይጠብቃሉ፤ የበሉትንም እየመለሱ ግልገሎቹን ይመግባሉ። አንዳንድ ጊዜም ያልወለደች ሴት የበላይቱን ልጆች ታጠባለች።

ወንዶቹ በተወለዱበት መንጋ ሲቀሩ ከሴቶቹ ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ወጥተው ይሄዳሉ። ዳሩ ግን ደጋው ሁሉ በሌሎች መንጋዎች የተያዘ በመሆኑ ሴቷ አዲስ ሥፍራ ለማግኘት ትቸገራለች፤ እናት ስትሞት ልጅ ቦታዋን የምትወርስበት ጊዜም አለ። እንዲህ ሲሆን አንዱ መንጋ በሙሉ ሥጋ ዘመድ ስለሚሆን እርስ በርስ መዋለድ ዘሩን ባዳከመው ነበር። ተፈጥሮ ግን ለዚህ መላ አበጅታለች። በባሌ በተደረገው ጥናት ከታዩት ግንኙነቶች እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት የተፈጸሙት ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር ነበር።

አደጋው ከደጃችን ይነሣል

ለዘሩ ጤንነት የሚበጀው ይህ ልማድ የቤት ውሻ በተስፋፋበት ሥፍራ ለጥፋት በር ይከፍታል። በባሌ በወይብ ሸለቆ አፋቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ወፈር ያሉ እንስሳት በመታየታቸው ደማቸው ተመረመረ። ከእናት ብቻ የሚወረሰው የዘር ክፍል የተኩላ ሆኖ ሲገኝ በቀረው ክፍል የውሻ ምልክት ታየበት። ይህም እናታቸው ተኩላ፣ አባታቸው የቤት ውሻ እንደነበሩ የሚያስረዳ ነው።

ከመዳቀል ይልቅ የከፋው ግን በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 ከውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ በጥናት ላይ ከነበሩት ተኩላዎች አብዛኞቹን ጨረሰ። በ2003 እንደገና ተነሣ፤ ዲስተምፐር የተባለውም የውሾች በሽታ በ2010 እና በ2015 ጉዳት አደረሰ። ጎን ለጎን የሚተኛ መንጋ አንዱ ሲታመም ሁሉም ለበሽታው ይጋለጣል። በየተራራው የሚገኙትን ወገኖች የእርሻ መሬት ስለለያያቸው፣ በአንዱ ተራራ ያለቀውን የሌላው ተራራ ተኩላ መጥቶ አይተካውም፤ ከሟቾቹ ጋርም ከአባቶቻቸው የወረሱት የዘር ልዩነት አብሮ ይቀበራል።

ተስፋው ግን አልተሟጠጠም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ተኩላ ጥበቃ ፕሮግራም በተራሮቹ ዙሪያ ያሉትን የቤት ውሾች ሲያስከትብ ቆይቷል። በ2003 ወረርሽኝ ጊዜ በሽታው በሚያልፍበት መንገድ ላይ የነበሩት ተኩላዎች እየተያዙ በመከተባቸው ወደ ሌላው የባሌ ክፍል ሳይዛመት ተገታ። በ2018 ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ የአፍ ክትባት በሥራ ላይ መዋል ጀመረ።

የቀረው ድርሻ የእያንዳንዳችን ነው። የከተማው ነዋሪም ሆነ በደጋ ሠፈር ያለው ወታደር ውሻውን ያስከትብ፣ ሌሊት ይሰር፣ ወደ ተራራም አስከትሎ አይውጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም የማይምር በመሆኑ ዛሬ አንዱ ውሻ የሚወጋው መርፌ የጎረቤትን ልጅ ከሞት ያድናል፤ ሚሊዮን ዓመት የዘለቀውን የተኩላ ዘርም ከጥፋት ይጠብቃል።