መሪ ተዋናይ ማነው? ረዳትስ?

የፊልም ሽልማት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ «መሪ ተዋናይ» እና «ረዳት ተዋናይ» እየተባለ ሲጠራ ሰምታችሁ ይሆናል። በአገራችንም በ2014 የተጀመረው የጉማ ሽልማት ይህንኑ ክፍፍል ይከተላል። (እዚህ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ለመሆኑ መሪውን ከረዳቱ የሚለየው ማነው?

ብዙ ሰው «ብዙ ደቂቃ የታየው ነው መሪው» ይላል። የአሜሪካው የኦስካር ደንብ ግን ስለ ደቂቃ የሚለው ነገር የለም። አንቶኒ ሆፕኪንስ በ1992 በመሪ ተዋናይነት የተሸለመበት ፊልም ላይ የታየው ከፊልሙ ሩብ በማይሞላ ጊዜ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕጩ ተዋንያንን የሚመርጡት የአካዳሚው አባል የሆኑ ተዋንያን ናቸው። አንዱን ሰው በየትኛው ዘርፍ እንደሚጽፍ እያንዳንዱ መራጭ ራሱ ይወስናል። የፊልሙ ባለቤቶች ግን «በረዳትነት ምረጡልን» እያሉ አስቀድመው በማስታወቂያ ይወተውታሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ማሸነፍ ወደሚቀልበት ዘርፍ ነው የሚጎትቱት። መራጮቹ አይገደዱም። በ2021 ላኪት ስታንፊልድ በመሪነት ቅስቀሳ ተደርጎለት ሳለ፣ አብሮት ከተጫወተው ከዳንኤል ካሉያ ጋር በረዳትነት ታጨ። ፊልሙ ሁለት ረዳት ይዞ ያለ መሪ ቀረ ማለት ነው!

ቀድሞ ከዚህም የባሰ ነበር። የረዳት ተዋናይ ሽልማት የተጀመረው በ1937 ሲሆን፣ በ1944 በወጣ አንድ ፊልም ባሪ ፊትዝጄራልድ ለአንድ ሚና በሁለቱም ዘርፍ ታጨ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተለውጦ ይህ ተከለከለ።

ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ፣ «ላቪንግ» በተባለው ፊልም በ2017 በመሪ ተዋናይት ዘርፍ ታጭታ ነበር። በዚያው ሌሊት ቫዮላ ዴቪስ በረዳትነት አሸነፈች። ዴቪስ ያንኑ ሚና በ2010 በቲያትር መድረክ ስትጫወት የተሸለመችው ግን በመሪነት ነበር። ሚናው አንድ፣ ስሙ ሁለት።

እኔን ይበልጥ የሚቆረቁረኝ የባርካድ አብዲ ነገር ነው። ከሞቃዲሾ በልጅነቱ ወጥቶ የመን ኖረ፤ በኋላም አሜሪካ ገባ። ከ700 በላይ ሰዎች መካከል ተመርጦ በመጀመሪያ ፊልሙ ከቶም ሃንክስ ፊት ለፊት የባሕር ወንበዴዎቹን አለቃ ሆኖ ተጫወተ። በ2014 ሃንክስ ሳይታጭ ባርካድ ታጨ፤ ነገር ግን በረዳትነት። ታሪኩ የሁለት አለቆች ፍጥጫ ነበር። ይሁንና ፊልሙ የተሰየመው በአንዱ ነው፤ ባርካድም ያኔ የማይታወቅ ስደተኛ ነበር። በመሪነት ቢቀርብ ኖሮ ላይታጭም ይችል እንደነበረ አልክድም።

የካርቱምን ሕይወት የሚያሳየው «ደህና ሁኚ ጁሊያ» በ2023 ካን ፌስቲቫል ላይ ቀርቧል። የካን ዋናው ውድድር መሪና ረዳት ብሎ አይለይም፤ ምርጥ ተዋናይና ምርጥ ተዋናይት ብሎ ብቻ ይሸልማል። በፊልሙ ውስጥ ሞና ጥፋቷን ደብቃ የደቡቧን ጁሊያን ቤቷ አስገብታ ታሠራታለች። ርእሱ የጁሊያ ነው፤ ቤቱ የሞና ነው። እኔ ሁለቱም መሪ ናቸው እላለሁ። ያያችሁት ካላችሁና ካልተስማማችሁ፣ ጽፋችሁ ለአዘጋጆቹ ስጡ።