ማሪያኖ ሪቬራ፦ የመጨረሻው ዙር ባለአደራ

በአሜሪካ በስፋት ከሚዘወተሩ ስፖርቶች አንዱ የሆነው ቤዝቦል በዘጠኝ ዙር የሚካሄድ ጨዋታ ነው። በየዙሩ ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ ለመምታት የሚሰለፉ ሲሆን፣ አንዱ ቡድን ተራውን የሚጨርሰው ሦስት ተጫዋቾቹ ከጨዋታ ውጪ ሲሆኑ ነው። ጨዋታውን የጀመረው ኳስ ወርዋሪ ክንዱ ሲዝል ተተኪ ወርዋሪ ይገባል። ከተተኪዎቹ መካከል ከባዱን ኃላፊነት የሚሸከመው፣ ቡድኑ በጠባብ ልዩነት እየመራ ሳለ ጨዋታውን እንዲዘጋ የሚላከው ነው። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዙር አያልፍም፤ ይሁን እንጂ ጓደኞቹ ለሰዓታት የለፉበት ድል በእጁ ሊጠበቅም ሊጠፋም ይችላል።

በዚህ የሥራ ድርሻ አቻ ያልተገኘለት ፓናማዊው ማሪያኖ ሪቬራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተወለደው ሪቬራ ያደገው ፑዌርቶ ካይሚቶ በተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ሲሆን፣ በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ሠርቷል። በ1990 ለኒውዮርክ ያንኪስ ፈረመ፤ በ1992 የክርን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ1995 ወደ ዋናው ሊግ አደገ። በ1997 ደግሞ ጆን ዌትላንድን ተክቶ የቡድኑ ጨዋታ ዘጊ ሆነ።

በዚያው ዓመት ከቡድን ጓደኛው ጋር ኳስ ሲቀባበል ውርወራው ሳያስበው አቅጣጫ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሊያርመው ቢሞክርም አልተሳካለትም፤ ኋላ ግን ዋነኛ መሣሪያው አደረገው። “ከተር” የሚባለው ይህ ውርወራ እንደ ፈጣን ቀጥተኛ ኳስ መጥቶ መቺው ዘንድ ሲደርስ በጥቂቱ ወደ ጎን ይታጠፋል። በመሆኑም ተጋጣሚዎቹ ምን እንደሚወረውር አስቀድመው እያወቁ እንኳ መምታት ይሳናቸው ነበር፤ የብዙዎችም ዱላ ተሰብሯል።

የሥራው አስከፊ ገጽታ የታየው በ2001 ነው። በሻምፒዮናው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ቡድኑ 2 ለ 1 እየመራ ሳለ፣ ሪቬራ በዘጠነኛው ዙር ሁለት ነጥብ ተቆጥሮበት ዋንጫው ለአሪዞና ዳይመንድባክስ ሆነ። ይህ ሽንፈት ግን ከቦታው አላነሳውም፤ በ2009 ከያንኪስ ጋር አምስተኛ ዋንጫውን አነሳ። በ2012 በልምምድ ላይ የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ከሜዳ ራቀ። በ2013 በ43 ዓመቱ ተመልሶ 44 ድሎችን ካስጠበቀ በኋላ ጨዋታ አቆመ።

ሪቬራ በመደበኛ ውድድሮች ያስጠበቃቸው ድሎች 652 ሲደርሱ፣ ይህም የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ የገባው የመጀመሪያው ተተኪ ወርዋሪ ሆይት ዊልሄልም ሲሆን፣ ዘመኑም 1985 ነበር። በ2019 ግን ሪቬራ 425ቱንም የመራጮች ድምፅ በማግኘት በሙሉ ድምፅ የተመረጠ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆኗል። ከማንኛውም የሥራ ድርሻ ማንም ያላገኘውን ይህን ክብር ያገኘው፣ በየጨዋታው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚሰለፍ ተጫዋች መሆኑ ነው።