መርፌውና መስተዋቱ

አንድ አይሮፕላን በሸዋ ሮቢት ሰማይ ላይ በ2,800 ሜትር ከፍታ ይበራል እንበል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ በአብራሪውና በይፋት ቆላ መካከል 1,500 ሜትር ያህል አየር አለ። አሁን አፍንጫውን ወደ ጣርማ በር ያዙር። ተራራው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የከፍታ መለኪያው መርፌ ግን 2,800 እንዳለ ንቅንቅ አይልም። የሚለካው የአየሩን ግፊት እንጂ ከሥሩ ያለውን ምድር አይደለምና። የጥንቱ አብራሪ ተራራውን የሚያውቀው ከካርታና ከገዛ ዓይኑ ነበር፤ የዛሬው የመስተዋት ሰሌዳ ግን ተራራውን በቀይ ቀለም ሥሎ ያሳየዋል። ስለዚህ «ድሮ ቀረ» ከሚሉት ጋር አንቆምም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከጦርነት በተረፉ ሲ-47 አይሮፕላኖች ሥራ ሲጀምር፣ በአብራሪው ፊት የተደረደሩት ክብ ክብ መለኪያዎች ነበሩ። ነፋሱ በቀጭን ቧንቧ ገብቶ የፍጥነቱን መርፌ በቀጥታ ይገፋዋል። አንዱ መለኪያ ቢታመም ጎረቤቱ ብዙ ጊዜ ደኅና ነበር።

በመስተዋቱ ሰሌዳ ግን በነፋሱና በቁጥሩ መካከል ኮምፒዩተር ገብቷል። (የምሕንድስና ወንድሞቻችን «የአርት ተማሪ በዚህ ምን አገባው?» ብለው እንዳይስቁብን!) ኮምፒዩተሩ ፍጥነቱንና ከፍታውን ከመጻፉ በፊት፣ አይሮፕላኑ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን ከሌላ መሣሪያ ተቀብሎ ቁጥሩን ያርማል። ይህ መሣሪያ ሲዋሽ ሌሎቹም አብረው ይዋሻሉ፤ ያውም ጥርት ባለ ጽሕፈት።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ በተነሣው በበረራ ቁጥር 302፣ በቦይንግ 737 ማክስ ላይ የሆነው ይኸው ነው። የግራው ማዕዘን አንባቢ 74 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15 አለ። ከዚህ የተነሣ በካፒቴኑ በኩል ያለው ሰሌዳ ፍጥነቱንም ከፍታውንም አሳንሶ አሳየ፤ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዐትም የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ምድር ደፋ። አብራሪዎቹ የኤሌክትሪኩን ማስተካከያ ቢዘጉም፣ በእጅ የሚዞረው መንኰራኵር ከፍጥነቱ ብዛት የተነሣ አልታዘዝ አላቸው። በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰዎች አለቁ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች በዚሁ ዓይነት አልቀው ነበር።

በውጭ አገር ጥፋቱን በአብራሪዎቻችን ላይ ለመጣል የተጣደፉ ነበሩ። እኛ ግን አንጥፍም፤ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሁለት ነገር ሲናገሩ ዳኛ የሚሆን የራሱ የነፋስ ቧንቧ ያለው ትንሽ መጠባበቂያ መለኪያ በመካከላቸው አለ፤ አብራሪው እርሱን ሊያይ ይችላል። ኤምካስ ግን ዳኛ አይጠይቅም ነበር። የሚሰማው አንዱን አንባቢ ብቻ ነው። አይሮፕላኑ በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ፣ ኤምካስ ሁለቱን አንባቢዎች እንዲያስተያይ፣ ካልተስማሙም ዝም እንዲል ተደርጎ ነው።