የጥቁር ውኃ ወንዝ የውኃ ጥራትና የሐይቅ ዳር ረግረግን መልሶ ማልማት

ይህ ጽሑፍ በሀዋሳ ሐይቅ ተፋሰስ ለሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። ረግረግ የወንዝን ውኃ ያጣራል፤ ይሁን እንጂ የሚያጣራውንና የማያጣራውን ሳይለዩ ማናቸውንም ውኃ መልቀቅ ረግረጉንም ሐይቁንም ይጎዳል።

1. ጉዳዩ ለምን ያሳስባል?

የሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ውኃው በትነት ሲቀንስ ጨውና ሌላው የሟሟ ነገር ወደ ኋላ ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ሲሆን፣ ወንዙም ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱ ጅረቶች ከሚጠራቀሙበት ከጨለለቃ ረግረግ ይነሣል።

ጨለለቃ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ነበር። የተዳፋቱ ደን ተመንጥሮ ሲታረስ ደለል ሞላው፤ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ከጨለለቃ በታች ደግሞ ወንዙን ለብዙ ዓመታት የፋብሪካ ፍሳሽ ሲቀላቀለው ቆይቷል።

2. ረግረግ የሚያጣራውና የማያጣራው

ፊላና ቄጠማ የውኃውን ፍጥነት ስለሚቀንሱ ደለሉ ይዘቅጣል። በጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከማዳበሪያ የመጣውን ናይትሬት ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ፎስፎረስ ግን ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም።

ጨው፣ ሶዲየምና ፍሎራይድ ረግረጉን አልፈው ሐይቅ ይገባሉ። ከባድ ብረቶች በጭቃው ውስጥ ይከማቻሉ፤ በዚያ ላይ የበቀለ ሣርም ለከብት ሊያሰጋ ይችላል። ስለዚህ የፋብሪካ ፍሳሽ ከፋብሪካው በር ሳይወጣ መጣራት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተጠቀመበትን ውኃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ታስቦ መሠራቱ ይህ የሚቻል መሆኑን ያመለክታል።

3. የውኃ ምርመራ

ናሙና በዝናብም በበጋም ወራት ከሦስት ቦታ ይወሰዳል፦ ከጨለለቃ በላይ፣ ከጨለለቃ መውጫና ከሐይቁ መግቢያ። ከላይ የደፈረሰ ከሆነ መፍትሔው ከእርሻው ይፈለጋል፤ ከጨለለቃ ንጹሕ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ሲደርስ የተበላሸ ከሆነ ግን ምክንያቱ በመካከል ያለ ፍሳሽ ነው።

ሀ) ጠርሙሱ በወንዙ ውኃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፤ ናሙናው ከፀሐይ ተጠብቆ በዕለቱ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ።

ለ) ለመስኖ የሚሆን ውኃ ፒ.ኤች. እንደ ልማዱ ከ6.5 እስከ 8.4 ነው። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ በሜትር ከ0.7 ዴሲሲመንስ በታች ከሆነ ጨዋማነቱ አያሰጋም፤ ከ3 በላይ ከሆነ ግን ለአብዛኛው ሰብል አይስማማም።

ሐ) በውኃው የሟሟው ኦክስጅን በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ዓሣ ይቸገራል።

መ) የረግረግ ውኃ በበሰበሱ ዕፅዋት ሊጠቁር ስለሚችል ጥቁረት ብቻውን የብክለት ማስረጃ አይሆንም።

4. የሥራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ የተዳፋቱ እርከን ይሠራ። ደለሉ ከላይ ካልተገታ ከታች የሚተከለው ሁሉ ይቀበራል። ቀጥሎ በወንዙ ግራና ቀኝ ሳይታረስ የሚቀር የሣር መቀነት ይተው። ወንዙ ወደ ረግረጉ በሚገባበት ቦታ የደለል ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ተቆፍሮ በየበጋው ይጠረግ።

የተራቆተው የሐይቅ ዳር ከዚያው ከሐይቁ በተወሰደ የፊላ ሥር ይተከል። ከሌላ ሐይቅ የሚመጣ ተክል አረም ይዞ ሊገባ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣናን ያስቸገረውን እንቦጭ ማስታወስ ይበቃል። ተክሉ ሥር እስኪይዝ ከብት አይግባበት።

ፊላና ቄጠማ ከደረሱ በኋላ በተራ በተራ ይታጨዱ። አጨዳው የተጠራቀመውን ፎስፎረስ በከፊል ከረግረጉ ያወጣል፤ ለአባላቱም ገቢ ያስገኛል። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ማጨድ ግን ቆሮሶ ዓሣ የሚራባበትንና ጫጩቱ የሚያድግበትን መጠለያ ያጠፋል።

ጨለለቃን አጠንፍፎ ማረስ ለጥቂት ዓመታት ጥሩ ምርት ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም የታመቀው ደለልና ፎስፎረስ ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ከሐይቁም መውጫ የለውም። ስለሆነም ማኅበራት የአጨዳውን ተራና የግጦሹን ወሰን በመተዳደሪያ ደንባቸው እንዲያሰፍሩ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም የምርመራውን ውጤት በየወቅቱ መዝግበው ለአባላቱ እንዲያስረዱ እናሳስባለን።