አሮጌ ቬስፓ የሚታደሰው ለቀለም ነው ወይስ ለሐረጎ?

በየግቢያችን ጥግ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኖ የተቀመጠ አሮጌ ሞተር ሳይክል አይጠፋም። የባለቤቱ ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ በኪሎ ለቁራሌው መሸጥ፣ አለበለዚያ አንስቶ ማደስ። ማደሱን የመረጠ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀለም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በተለይ እንደ ደሴ ባለ ከፍታ ለሚኖር ሰው፣ ቀለም የመጨረሻው ሥራ መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ ማስረዳት ነው። ጉዳዩ የውበት ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ነውና።

እኔ ያደስኩት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ ባለ 150 ሲሲ ቬስፓ ነው። አጎቴ በመምህርነታቸው ዘመን ይነዱት ነበር። ሥራው ቧንቧ ውሃ በሚገኘው ቤታችን፣ ለመኪና ማቆሚያ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስምንት ወር ፈጅቷል። ከስምንቱ ወር ቀለሙ የወሰደው አንድ ሳምንት አይሞላም።

የአውሮፕላን ሠሪ ውጤት

ቬስፓ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። አምራቹ የጣልያኑ ፒያጆ ኩባንያ ከዚያ በፊት አውሮፕላን ይሠራ ነበር፤ ነዳፊው ኮራዲኖ ዳስካኒዮም የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። በዚህም ምክንያት ቬስፓ እንደ ሌሎቹ ሞተር ሳይክሎች በብረት ቱቦ አጥንት ላይ የቆመ አይደለም። ክብደቱን የሚሸከመው የላሜራ አካሉ ራሱ ነው። ስለዚህ የእግር ማሳረፊያው ወለል በዝገት ከተበላ የተበላው ልብሱ ሳይሆን አጥንቱ ነው። በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት ጉዳቱን መደበቅ ብቻ ይሆናል፤ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት።

በነገራችን ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቦቢና፣ ማርሚታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። አንድ የደሴ መካኒክ የቬስፓን የጣልያንኛ መመሪያ ቢያገኝ የክፍሎቹን ስም ያለ አስተርጓሚ ያነባል።

ስስ አየርና ካርቡሬተር

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በሐረጎ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ይልቅ በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ዘመናዊ መኪና ይህን በሴንሰር ለክቶ ነዳጁን ይቀንሳል። የድሮ ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑን የሚለካው በአንዲት ቋሚ የናስ ቀዳዳ ነው። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ያጨሳል፣ ዳገት ላይም ጉልበት ያጣል።

መፍትሔው ቀዳዳዋን በአነስተኛ መቀየር ይመስላል። ሞተሩ ከደሴ የማይወጣ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር። ነገር ግን ደሴ ላይ በጣም የተቀነሰ ነዳጅ ኮምቦልቻ ሲደርስ አየሩ ስለሚወፍር ያንሳል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ከልክ በላይ ይግላል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ካርቡሬተሩን ለኮምቦልቻ አስተካክሎ፣ ደሴ ላይ ትንሽ ቢያጨስ መታገሥ ሆኗል።

ዘይቱ ያለው ቤንዚኑ ውስጥ ነው

የቬስፓው ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል። ለእኔው ዓይነት ሞተር መጠኑ 2 በመቶ ነው፤ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት። ከእርሱ በፊት የተሠሩት ቬስፓዎች የበለጠ ይፈልጋሉ።

የሐረጎ አደጋ እዚህ ላይ ይመጣል። ሾፌሩ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዞ ነዳጅ መስጫውን ሲዘጋ፣ ጎማው ሞተሩን በፍጥነት ያሽከረክረዋል፤ ቤንዚን ስለማይገባ ግን ዘይትም አይገባም። ይህ ከቀጠለ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቅና የኋላ ጎማው በድንገት ይቆለፋል። ጠመዝማዛ ላይ ይህ ቢከሰት ውጤቱን መገመት አያዳግትም። ማርሽ ነፃ አድርጎ መውረድም መፍትሔ አይሆንም፤ ክብደቱ ሁሉ በትንንሾቹ የፍሬን ሸራዎች ላይ ያርፍና ግለው ይደክማሉ። የሚበጀው በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ፣ በየጥቂት ሰከንዱ ነዳጅ መስጫውን ለአፍታ ከፍቶ ዘይት ማጠጣት፣ የግራ እጅንም ከፍሪሲዮኑ አለማራቅ ነው። ሞተሩ ሲይዝ ከተሰማ ወዲያው ፍሪሲዮን መያዝ ጎማውን ነፃ ያወጣዋል።

ቅደም ተከተሉ

አንደኛ፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሊብሬውን ይፈልጉ፤ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮቹም ከሊብሬው ጋር መግጠማቸውን ያረጋግጡ። ዝገት ሲያነሱ ቁጥሮቹን በመፈግፈጊያ እንዳያጠፏቸው።

ሁለተኛ፣ የኮሎውን ሁለት ኦይልሲሎች ይቀይሩ። ለዓመታት የቆመ ሞተር ላይ ጎማቸው ይደርቃል። በቮላኖው በኩል ያለው ከደረቀ ሞተሩ ባልተለካ አየር ይስብና ይግላል፤ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ከደረቀ ደግሞ የማርሽ ዘይት እየሳበ ነጭ ጭስ ያወጣል።

ሦስተኛ፣ ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ያስለኩ። ከተበላ ተቦርቡሮ ከፍ ያለ መጠን ያለው ፒስተን ከነፋሻው ይገጠምለታል። እኔ ፒስተኑን ያገኘሁት ከውጭ በመጣ ዘመድ እጅ ነው።

አራተኛ፣ ፑንቲናውን አጽድተው ክፍተቱን ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ያድርጉ።

አምስተኛ፣ የፍሬን ሸራ፣ ገመዶችና ጎማዎች ይቀየሩ። ያለ ቀለም መንዳት ይቻላል፤ ያለ ፍሬን ግን ሐረጎን መውረድ አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያለ ቀለም ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳና የሚንጠባጠበው፣ የሚላላው ሁሉ ይታያል። ቀለም የሚቀባው ያኔ ነው።

አጎቴ ቬስፓቸውን ታድሶ ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ቀለሙ አልነበረም። "ኮምቦልቻ ወርዶ ተመልሷል?" ነው ያሉት። ወርዶ ተመልሷል። ጠዋት ጠዋት ቧንቧ ውሃ ላይ ሲነሳ የሚያጨሰውን ትንሽ ጭስ ጎረቤቶቻችን ለምደውታል።