ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚናገረው

ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ከተበራ በኋላ የይለፍ ቃል መጠየቂያው እስኪመጣ ድረስ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ መስመር ይጽፋል። የፕሮሰሰሩን ዓይነት፣ የሚሞሪውን መጠን፣ ያገኛቸውን ዲስኮች፣ ሊሠራ ያልቻለውን የዋይፋይ ካርድ ሁሉ በየተራ ይመዘግባል። እንደ ኡቡንቱ ያሉት ስርጭቶች ግን ይህን ጽሑፍ በአርማ ስለሚሸፍኑት አብዛኛው ሰው መኖሩንም አያውቅም። ማሽኑ ጤነኛ ሲሆን መሸፈኑ የሚጎዳ ነገር የለውም። አንድ ቀን መነሳት ቢያቅተው፣ ወይም ቀድሞ በአፍታ ይነሳ የነበረው ደቂቃ መፍጀት ቢጀምር፣ ምክንያቱን የሚነግረን ይኸው መዝገብ ነው። ብዙ ሰው ይህን መዝገብ ሳያየው ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫኑ ያሳዝነኛል።

የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ሥራ ሲጀምር ዲስኩን ገና አላወቀውም፤ ስለዚህ ፋይል ላይ መጻፍ አይችልም። የሚጽፈው ለዚሁ ተብሎ በተከለለ የራም ክፍል ውስጥ ነው። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 128 ወይም 256 ኪሎባይት ያህል ነው። ሲሞላ አዲሱ መልእክት የሚጻፈው የቆየው ተሰርዞ ነው፤ አስተማሪ የሞላ ሰሌዳ ከላይ እየደመሰሰ እንደሚቀጥለው ማለት ነው። ገመዱ የላላ የዩኤስቢ ዕቃ በየጊዜው እየተቋረጠ ሲገናኝ የሚያስጽፈው መስመር ብቻውን ማሽኑ የተነሳበትን ታሪክ ጠራርጎ ሊያጠፋው ይችላል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ደግሞ በራሙ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ይህን የራም መዝገብ የሚያሳየን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ተብሎ ይጻፋል። መዝገቡ ለአጥቂ የሚጠቅም መረጃ ሊያሾልክ ስለሚችል ኡቡንቱ ከ20.10 ጀምሮ ለተራ ተጠቃሚ ዘግቶታል፤ ከፊቱ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠውን ሱዶ የሚባል ትእዛዝ ማስቀደም ያስፈልጋል። ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የከርነሉ ስሪት ነው። በየመስመሩ መግቢያ በቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር ከርነሉ ሥራ ከጀመረ ያለፈውን ሰከንድ ይቆጥራል። ለዘገምተኛ ማሽን ከሁሉ በፊት የማየው ይህንን ቁጥር ነው። አንዱ መስመር 3.1 ብሎ ቀጣዩ 33.4 ካለ፣ በመካከሉ ሠላሳ ሰከንድ የባከነው አንድ ነገር ሲጠበቅ ነው፤ የሚጠበቀውን ለማወቅ ከክፍተቱ በላይና በታች ያሉትን መስመሮች ማንበብ ነው።

«አልተሳካም» የሚል መስመር ሁሉ ግን በሽታ አይደለም። የኢንቴል ዋይፋይ ካርድ ሾፌር በመጀመሪያ አዲሱን የፈርምዌር ፋይል ይፈልጋል፤ ሲያጣው አልተሳካም ብሎ ይመዘግብና ቀደም ያለውን ስሪት ጭኖ በሰላም ይሠራል። ያንን መስመር ብቻ አይቶ የሚደነግጥ ሰው ደህናውን ካርድ ይቀይራል።

መዝገቡን ከራም አውጥቶ ዲስክ ላይ የሚያኖረው ሌላ ፕሮግራም ነው። በ2010 ብቅ ያለውና ዛሬ አብዛኞቹ ታዋቂ ስርጭቶች የሚነሱበት ሲስተምዲ፣ ጆርናልዲ የሚባል መዝጋቢ አለው። የከርነሉንም፣ ከዚያ በኋላ የሚነሱትን አገልግሎቶችም መልእክት አንድ ላይ ይይዛል። ማንበቢያው «ጆርናል» ከሚለው ቃል ጋር ሲ፣ ቲ፣ ኤል ተያይዞ የሚጻፈው ትእዛዝ ነው። ሰረዝና ቢ ሲጨመርበት የአሁኑን መነሳት፣ ከዚያ ቀጥሎ ሰረዝና 1 ሲጨመር ያለፈውን ያሳያል። ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ማሽኑ ደርቆ በግድ ጠፍቶ ከተነሳ፣ የምንፈልገው ያለፈውን እንጂ የአሁኑን ታሪክ አይደለም።

ያለፈው የሚገኘው ግን ቀድሞ ከተቀመጠ ብቻ ነው። ቫር በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ በሎግ ሥር፣ ጆርናል የሚባል ፎልደር ከሌለ በብዙ ሲስተሞች ጆርናልዲ ሁሉንም ራም ላይ ያኖረዋል፤ ሲጠፋም ይረሳዋል። ፎልደሩን ፈጥሮ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት፣ ወይም በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ማከማቻው ቋሚ እንዲሆን ማዘዝ ይበቃል። ዲስክ ይሞላብኛል ብሎ መስጋት አያስፈልግም፤ በራሱ ልማድ መዝገቡ ከፋይል ሲስተሙ 10 በመቶ፣ ቢበዛም ከ4 ጊጋባይት አያልፍም። መብራት በድንገት ለሚጠፋበት ቤት ግን ይህን ማወቅ ይጠቅማል፦ ጆርናልዲ እጅግ አስቸኳይ የሆኑትን መልእክቶች ወዲያው ዲስክ ላይ ሲያጸና ሌሎቹን እስከ 5 ደቂቃ ሊያቆያቸው ይችላል። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ባዶ ሆነው ቢገኙ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

መዝገቡን ለባለሙያ ለመላክ ከትእዛዙ በኋላ > ምልክትንና የፋይል ስም ጽፎ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል መገልበጥ ነው። ከመላኩ በፊት የኮምፒውተሩን ስም፣ የኔትወርክ ካርዱን አድራሻና የዕቃዎቹን መለያ ቁጥር ማጥፋት ይገባል።

ማሽኑ ዲስኩ ጋ ሳይደርስ ከቆመስ? ግራብ በሚባለው የማስነሻ ዝርዝር ላይ ኢ ፊደልን ተጭኖ፣ ጽሑፉን ዝም የሚያሰኘውንና አርማውን የሚያመጣውን ሁለት ቃል ከከርነሉ መስመር አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ለውጡ ለዚያች አንድ መነሳት ብቻ ስለሆነ የሚበላሽ ነገር የለም። መስመሮቹ በፍጥነት ስለሚያልፉ ስክሪኑን በስልክ በቪዲዮ መቅረጽ ይሻላል፤ በኋላ ቪዲዮውን እያቆሙ ማንበብ ይቻላል። ስክሪን በሌለው ሰርቨር ላይ ደግሞ ከርነሉ በሲሪያል ገመድ ወይም በኔትወርክ በኩል መልእክቱን ለሌላ ኮምፒውተር እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል፤ ያኛው ኮምፒውተር እየተቀበለ በራሱ ዲስክ ላይ ያኖረዋል።